ማንም ያልሞተበት ድንኳን

በእኛ ጊዜ ስብሰባ ሌላ ሰው ይጠራል፣ እኛ እንሄዳለን፣ እናጨበጭባለን፣ እንመለሳለን፤ በቃ። ተራ ሰው ተነስቶ «ኑ፣ የምነግራችሁ አለኝ» ይላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ታዲያ ይቺ አስቴር፣ ይቺ እዚህ የተቀመጠችው የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው ምርጫ ለተቃዋሚ ፓርቲ እወዳደራለሁ ስትል እኔ እንቅልፍ አጣሁ። አባቷ የለም፣ አባቷ እኔ ነኝ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

እና ቅስቀሳው ሊያልቅ ነው፣ የጥሞና ጊዜ የሚሉት እየደረሰ ነው፤ ያ ከገባ ዕጩ አፉን ይዘጋል፣ ሕግ ነው። እሷ ደግሞ አንድም ቀን ሰው ሰብስባ አልተናገረችም። የቀበሌው አዳራሽ ትሄዳለች፣ ዝግ ነው። በነጋታው ትሄዳለች፣ ዝግ ነው። እኔ እቤት መቀመጥ አቃተኝ። እነሳለሁ፣ እስከ መንገዱ እወጣለሁ፣ ወደ ገሱባ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። አሁንም እንዲሁ ነኝ፣ ታዩኝ የለ? ኦቶና ሆስፒታል ያለው ሐኪም እንኳ «ኧረ ትንሽ ቁጭ ይበሉ» ይለኛል።

በመጨረሻ አብሬያት ሄድኩ። የአዳራሹ ኃላፊ ጎረቤታችን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚፈራ ሰው ነው። አስቴር ቀስ ብላ አስረዳችው፤ መሰብሰብ የሕገ መንግሥት መብት ነው፣ የመንግሥት አዳራሽ ለፓርቲ ሁሉ እኩል ነው፣ እኔ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ የለብኝም አለችው። እሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ ድምፁን እንዲህ ዝቅ አድርጎ፣ «ልክ ነሽ መምህርት፣ መብትሽ ነው። ቁልፉ ግን የለም» አላት። የት ሄደ? ቁልፍ ያዡ አረካ ከተማ፣ ሥልጠና ላይ ነው። መቼ ይመጣል? «እኔ እንጃ፣ ሥልጠና አይደል?» መብቱ አለ፣ ቁልፉ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ በንዴት «የእኔ ግቢ ይበቃል፣ ድንኳን እንተክላለን» አልኩ። ድንኳን ያለው እድር ነው፣ የእድሩ ዳኛ ደግሞ እኔ ነኝ። የእድሩ ኮሚቴ አባላት አጉረመረሙ፣ እድር ፖለቲካ ውስጥ አይገባም አሉኝ። እውነት አላቸው፣ እድራችን ውስጥ የሁሉም ፓርቲ ሰው አለ። እና «ሌላውም ከጠየቀ እኩል ይወስዳል፤ እምቢ ያልኩ ቀን ዳኝነቱን ተቀበሉኝ» አልኳቸው፣ ተስማማን። በማግስቱ ማለዳ ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ተተከለ።

አሁን ስሙኝ። እኛ ዘንድ ድንኳን የሰርግ ከሆነ ቀድሞ ይወራል። ሳይወራ በማለዳ የተተከለ የእድር ድንኳን ሞት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ፣ የእድር ዳኛ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ስቀብር የኖርኩ ሰውዬ፣ በጭንቀት ብዛት ይሄ ትዝ አላለኝም።

ሚስቴ ለተሰብሳቢው ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር እየቀቀለች ነው፣ እኔ ከበር እበር እንጎራደዳለሁ፣ ድንገት ከዳገቱ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ ራሴ ደነገጥኩ፣ ለቅሶ ልደርስ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ለካ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። እህቴ ከገሱባ በሞተር ደርሳ መሬት ላይ ተዘረረች። «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ትላለች። አጠገቧ ቆሜ «አለሁ እኮ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ተነሳች፣ እና ትከሻዬን በጡጫ አቀመሰችኝ። «አንተ ካልሞትክ ማን ሞተ?» አለች። «ማንም። ፓርቲ ነው።»

በዚህ መሃል የአዳራሹ ኃላፊ እንባውን እየጠረገ ገባ። ከኋላው ማን ቢኖር ጥሩ ነው? አረካ ያለው ቁልፍ ያዥ። በእግሩ። ቁልፉ ወገቡ ላይ እየተንቃጨለ። አየሁት፣ አየኝ፣ ዓይኑን ሰበረ።

ግን እሱን ትቼ ለራሴ ፈራሁ። በለቅሶ ቀለደ ከተባልኩ ዳኝነቴም ስሜም አለቀ፣ የልጅቷም ነገር አበቃለት። አስቴር ተነሳች። «ማንም አልሞተም፣ ይቅርታ አድርጉልን። አዳራሽ አጥተን ነው። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ አልቀየምም» አለች። ሰዉ እንደቆመ እርስ በርሱ ይተያያል። ሰዉ የሚፈራውን አውቃለሁ፣ ተቃዋሚ ስብሰባ ላይ ታየ መባልን ነው። እኔ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ታዲያ ከሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው አሮጊት ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔ ለቅሶ ነው የመጣሁት» አለች። «ለቅሶ የመጣ ሰው ቶሎ አይነሳም። ለምን ሄድክ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ተናገሪ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ገባው። አንድ በአንድ ተቀመጠ። ቁልፍ ያዡም ተቀመጠ፣ ምን ያድርግ፣ ቁልፉን በጋቢው ሸፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማት። እኔም ያን ጊዜ ገና ቁጭ አልኩ። ቦዬው በሚያቃጥለው ዳጣ እየተጠቀሰ ተበላ፣ ጥያቄው ጎረፈ፣ አንዳንዱማ ተቆጣት።

አላሸነፈችም። እሱ ሌላ ነገር ነው። ሰው ሰምቷት ነው ያልመረጣት፣ ሳይሰማት አይደለም፤ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎቹም ድንኳኑን ጠየቁኝ፣ ቃሌ ነውና ሰጠሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አርጅቻለሁ። አንድ ቀን የእውነቴን ስሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ሰው ከመንገድ አይቶ «ተዉት፣ የጋሽ አንጁሎ ስብሰባ ነው» ብሎ ቢያልፍስ? ይሄ ያሳስበኛል፣ አትሳቁ።

— (ከአድማጮቹ አንዱ) አይስጉ ጋሼ። የእርስዎን ቀድመን እናሳውቃለን።

አሳውቁ እንግዲህ። ማስፈቀዱን ግን ተዉት፣ እኔ አልፈቅድም። (ሳቅ)