በውክልና የሚቆፈር ጓሮ

ጋሽ ጠሀ ሦስተኛውን የቆስጣ መደብ አጋምሰው ዶማውን እንደገና ከፍ ሲያደርጉ፣ ከሽቦ አጥሩ ማዶ ያ ድምፅ መጣ።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ጠሀ! ሌሊት የጣለው ዝናብ አፈሩን አላለሰለሰልዎትም? እኔማ ልብሴን ገመድ ላይ ረስቼው፣ ይኸው ደግሜ አጥቤ ማስጣቴ ነው። የሐዋሳ ዝናብ መቼ አስጠንቅቆ ያውቃል?... ይቆፍሩ፣ ይቆፍሩ፣ ሥራ አላስፈታዎትም።»

ጋሽ ጠሀ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። የቤቱ ጎረቤት እትዬ ጸሐይወርቅ «ሥራ አላስፈታም» ካሉ ነገር እንደያዙ ያውቃሉ። በረንዳው ላይ የቤቱ ባለቤት፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ጡረታ የወጡት ሰውዬ፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ያያሉ። የግራ እግራቸው አውራ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል። ስኳር አለባቸው። አምና ሐኪሙ «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጓሮ ይቆፍሩ» ብሎ አዘዛቸው፤ እሳቸውም በማግስቱ ጋሽ ጠሀን ቀጠሩ።

«ይገርምዎታል፣ ትናንት እድር ላይ አንድ የተማሩ ሰው ስለ ጓሮ አትክልት ንግግር አደረጉልን። አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት! መቆፈር ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ያወርዳል፣ የጠዋት ፀሐይ አጥንት ያጠነክራል፣ እንቅልፍ እንደ ሕፃን ያስተኛል... አንድም አላስቀሩ። የኔን ጉልበት እንኳ አልረሱትም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ያንቺ ጉልበት የታመመው ስለምትቀመጪ ነው› አሉኝ። ምን ውሸት አለው? ሁለት ሰው ደግፎ ወንበራቸው ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ ነው የነገሩኝ... ስለ መቀመጥ እሳቸው ካላወቁ ማን ይወቅ?»

ጋሽ ጠሀ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ጎንበስ ብለው አረም የሚነቅሉ መሰሉ። በረንዳው ላይ ባለቤቱ የስልካቸውን ድምፅ ከፍ አደረጉ። የእትዬ ጸሐይወርቅም ከፍ አለ።

«እጃቸውንማ ባዩት! ሲያምር! የሙሽራ እጅ! ዓመት ሙሉ ዶማ ይዞ መዳፉ እንዲህ የሚለሰልስለት ስንት ሰው አለ? ሐኪሙም ተገርሞ ነው አሉ... ፎቶ ሲያሳዩት ነው ያመነው። ዶማ ተደግፈው የተነሡት አለ አይደል? አቤት ፎቶ! ዶማው ላይ የጥፍር ታህል አፈር የለችበትም። ከድሮም ንጽሕና ይወዳሉ።»

አንሶላ አራግፈው ገመዱ ላይ ጣሉ።

«እርስዎስ ቢሆኑ? በቀደም ቀበሌ ግፊት ሲለኩን፣ ልጅቷ ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ሁለት ጊዜ አልለካችዎትም? ‹የወጣት ነው› አለች። አምና ከመናኸሪያ እዚህ ታቦር ድረስ ሲመጡ ሦስት ቦታ ያርፉ ነበር። ዛሬ ፍግ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ባጃጅ ይቀድማሉ። የታዘዘው ለአንዱ፣ የዳነው ሌላው! የራሱን መድኃኒት ለሠራተኛው የሚያስውጥ እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት አይተው ያውቃሉ? እኔ በውክልና ቤት ሲሸጥ አይቻለሁ። በውክልና ስኳር ሲወርድ ግን... የተማረ ሰው ያውቅበት ይሆናል፣ እኛ ምን እናውቃለን?»

ጋሽ ጠሀ አሁን ሳቅ አልመጣላቸውም። ነገሩ ሰውዬውን አብግኗቸው ቢነሡ፣ ተነሥተውም ዶማውን ቢይዙ፣ እሳቸውን በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል? «በቃ፣ ይተዉ» ሊሉ ፈለጉ። ግን ዶማውን አንሥተው መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

ወንበሩ ተንቋቋ። ባለቤቱ ተነሥተው የበረንዳውን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ፤ የታሰረው እግር ከኋላ ይከተላል። መደቡ ጫፍ ደርሰው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ጠሀ ዶማውን ሲሰጡ እንጀራቸው አብሮ የሄደ መሰላቸው።

ባለቤቱ ዶማውን በሶፍት ጠረጉት። አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ስልካቸውን ከፊታቸው አንሥተው ፈገግ አሉ፤ ስልኩ ቀጭ አለ። አልወደዱትም መሰል፣ በሌላኛው ጎናቸው ዞረው አንዴ ደገሙት። ከዚያ ዶማውን ለጋሽ ጠሀ መልሰው ወደ በረንዳቸው አቀኑ።

ጋሽ ጠሀ እፎይ አሉ። እፎይታው ገና ከደረታቸው ሳይወርድ፣ የሰውዬው የታሰረ ጣት የመደቡን ጠርዝ ድንጋይ ሲመታ አዩ። ድምፁ ይሰማል። ሰውዬው ግን ቆም እንኳ አላሉም፤ ፎቶውን እያዩ ሄዱ። እግሩ የሳቸው አይመስልም። ጋሽ ጠሀ ደስ በመሰኘታቸው አፈሩ፤ ዶማውንም ወዲያው ማንሣት ከበዳቸው።

እትዬ ጸሐይወርቅ ባዶ ሳፋቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው ወደ ሽቦው ተጠጉ። ድምፃቸውን አለሰለሱ፤ ግን በረንዳው ድረስ እንዲሰማ አድርገው ነው።

«በሉ ጋሽ ጠሀ፣ ፈጣሪ ይህን ጉልበትዎን አይንሣዎት። ለእኚያ ደግ ሰው ሲል ዕድሜዎን ያርዝመው። እስከ ዛሬ አንዲት ጉድጓድ በእጃቸው ሳይቆፍሩ እንዳኖሯቸው... የመጨረሻዋንም እርስዎ ይቆፍሩላቸው። አሜን ይበሉ እንጂ!»