ቋንቋውን የቆለፈው ወረቀት

ዓይኔን ለመታየት ክሊኒክ ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ከጎኔ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎረቤቴ ሽማግሌውና የእህታቸው ልጅ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሽማግሌውን ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይላቸዋል፤ ልጆች ኮምፒውተርን በቀላሉ የሚያዝዙበት የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ የዓይነ ስውራን መምህርት ናት። በሰው ነገር መግባት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ጆሮዬ ግን እምቢ አለኝ።

«አጎቴ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ተማሪ ሲሳሳት ቋንቋዎ መስመሩን ቀይ ያደርገዋል እንጂ አይናገርም። ለኔ ልጆች ቀይ ምን ያደርግላቸዋል? ድምፅ ልጨምርበትና ለአሥራ አራቱም ላድላቸው። እስከ ሰኞ ካልሆነ የኮምፒውተር ክፍላችን ይዘጋል ተብያለሁ።»

«የፈቃዱን ወረቀት አላነበብሽም? መጠቀም ይቻላል፤ መለወጥም ሆነ ለሌላ ማደል ክልክል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!»

«እርስዎን ልንቅ? ምን በወጣኝ!»

«አንቺማ አትንቂኝም። ግን ስሚኝ፤ ድሮ ክፍት ነበር። አንዱ ደፋር እንዳሻው ቆራረጠና በኔው ስም በተነው። ቋንቋው መደመር እንኳ አቃተው። ስድቡን ማን ጠጣ? እኔ!»

እውነቱን ለመናገር አዘንኩላቸው። የለፋበትን ነገር ሲያበላሹበት የማይቆጣ ማን አለ?

«እሱስ ልክ ነዎት፣» አለች። «ግን ነገርን ከሥሩ እንየው። የጎዳዎት መለወጡ ነው ወይስ በስምዎ መበተኑ? ወረቀቱ እንዲህ ይበል፤ የለወጠ ሰው ሌላ ስም ያውጣለት፣ የቱን እንደ ለወጠ ይጻፍ፣ መጀመሪያ የሠሩት እርስዎ መሆንዎን አይፋቅ። ያን ጊዜ ያበላሸ በራሱ ስም ይሰደባል፤ የእርስዎ እንደ ነበረ ይኖራል።»

«ድምፁን እኔው እጨምረዋለሁ። ትንሽ ታገሺ።»

«ሁለት ዓመት ታገስኩ እኮ፣ አጎቴ!»

ይህን ስትል ነርሷ ሽማግሌውን ወደ ሐኪሙ ጠራቻቸው። ሲመለሱ ያ ሁሉ ቁጣ የለም።

«ምን አሉዎት?»

«ቀይ ቀለም አታይም አሉኝ።» ድንገት ሳቁ። «ጉድ እኮ ነው! ዓመት ሙሉ አንድም ስሕተት ሳልሠራ የጻፍኩ መስሎኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ጎበዝ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ። ለካ የስሕተቱ ቀይ ከኮምፒውተሩ ጥቁር ገጽ ጋር ተመሳስሎብኝ ነው!»

እሷ አልሳቀችም፤ እጃቸውን ያዘች። እኔም መነጽሬን የምጠርግ መስዬ አቀረቀርኩ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ሁለቱንም ሆኜ ኖሬአለሁ። ዛሬውኑ ቤት ገብተን ወረቀቱን እንዳልሽው እናርመዋለን፤ ድምፅ ለምትጨምሪበትም ስም አንቺ አውጪለት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሥራውን ቆልፎ የያዘ ሰው ሲደክም ሥራውም አብሮት ይደክማል። ስሙን አስከብሮ ለሌላው እጅ የፈቀደ ግን ያላየውን ጉድለት ሌላ ያይለታል፣ እሱ ያልደረሰበትም ቦታ ሥራው ይደርሳል።

ያን ዕለት ልንለያይ ስንል ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ለስንት ነው የምታድዪው ያልሽኝ?»

«ለአሥራ አራት።»

«አሥራ አምስት አድርጊው፣ ልጄ። ለኔም አንድ።»