የዳኛው ግራ ጉንጭ

ኧረ ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ኮትዎን ልቀበልዎ። ዛሬስ ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን አጥቦ አስጥቷል። እግርዎስ ተሻለዎት? ሠላሳ ዓመት ፖስታ ሲያድል የኖረ እግር እኮ ነው፤ ትንሽ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ይቀመጡ። እንዴ… እኔ ጋ ነው የሚቀመጡት? ያኛውን ወንበር ስለለመዱት ብዬ እኮ ነው። ሦስት ወር ቀላል ነው? አይ፣ ምን አስቀየመኝ። ሰው ወንበር ሲቀያይር ወገቡ ያርፋል።

ደገፍ ይበሉ። ይቺን ሙቅ ፎጣ ጉንጭዎ ላይ ላድርጋት። የእርስዎ ፂም ሽቦ ነው፤ ካልለሰለሰ እሺ አይልም። ብሩሿም ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆይታለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ ላራግፋት። ውሃ የበዛባት እንደሆነ ሳሙናውን ታቀጥነዋለች፤ ከደረቀች ደግሞ አረፋውን ራሷ ትጠጣዋለች። አሁን ሳሙናው ላይ ላዙራት… ቀስ። ሰው የሚሰለቸው ይሄን ነው፤ ገና ምንም አይታይማ! ጎበዝ ሰው ግን ይሄን ሁሉ ደቂቃ አይጠብቅም። አሉ እኮ ጋሼ፣ ብሩሹን ነካ ነካ፣ ውሃውን ቸለስ አድርገው፣ ባንድ ጊዜ ደመና የሚያህል አረፋ የሚቆልሉ ባለሙያዎች! እኔ እንዲህ ያለ ተሰጥኦ አልታደልኩም። ጠብታ ጠብታ ውሃ እየጨመርኩ እርጎ እስኪመስል የምለፋ ሰው ነኝ።

ድምፄ ከፍ አለብዎት? ሬዲዮው የሚጮህ መስሎኝ ነው። ለካ ተዘግቷል… እዚያ ጥግ ምላጭ የሚወለውለው ሰው እንዳይረበሽ እንጂ። እጁ ሥራ ላይ ነው። ጆሮው ግን ዕረፍት ላይ አይመስልም፣ አይደል?

እስቲ እጄን ይዩዋት። ትንቀጠቀጣለች? ሳሙና በብሩሽ ስመታ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱን አልክድም፤ ካልተንቀጠቀጠች አረፋው ከየት ይመጣል? ግን አንድ አዛኝ ሰው… ስሙን ምን ያደርግልዎታል፣ ደግ ሰው ስሜ ይጠራልኝ አይልም… ይሄን አይቶ እንቅልፍ አጣ። ደንበኛ በር ላይ ሲደርስ ቀድሞ ጠጋ ይልና በጆሮው፣ «ሽማግሌውን እጁን አሞታል፤ እንዳይቆርጥዎ፣ ለእሱም ይዘኑለት» ይለዋል። ምን ዓይነት ልብ ነው! የገዛ ወንድሜ እንኳ እንዲህ አላዘነልኝም። ለእርስዎም ሳይነግርዎ አልቀረም… አይ፣ አይናገሩ፣ አረፋ አፍዎ ይገባል።

በዚያ አዘኔታ ሦስት ወር ሙሉ ተዝናናሁ። አንዱን ጋዜጣ አራቴ አነበብኩ። ማታ ባለቤቴ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስትለኝ «ደክሞኛል» እላታለሁ። ቁጭ ያለ ሰው ይደክመዋል እንዴ? ይደክመዋል ጋሼ። አንድ ቀን ሻይ ቀድታልኝ ብርጭቆውን ስቀበላት፣ ፊቴን ትታ እጄን ትክ ብላ አየች… ወሬው ቤቴ ድረስ መግባቱን ያን ጊዜ አወቅኩ። ኋላማ እኔም ጀመርኩ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እጄን ዘርግቼ ማየት።

ያለፈው ቅዳሜ ታዲያ ዳኛው መጡ። ያውቋቸዋል፣ ጡረታ የወጡት፣ ረጅሙ። ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ነው፤ ፎቶ አለ፣ ንግግር አለ። አዛኙ ወዳጄ በር ላይ ተቀበላቸው፣ ያቺኑ ነገር ሹክ አላቸው፣ ወደ ራሱ ወንበር ወሰዳቸው። አቤት የእጁ ፍጥነት! እኔ ጋዜጣ ሳልገልጥ ዳኛው ዓይናቸው ብቻ ቀረ። አረፋው ጉብ ጉብ ያለ፣ ልጆች በቀጭን ቱቦ የሚነፉት ዓይነት። ያምር ነበር! ውስጡ አየር ይሁን እንጂ ያምር ነበር።

ደግሞ ወሬ ያውቅበታል። ቀኝ ጉንጫቸውን እንደጨረሰ ምላጩን ሽቅብ ይዞ ስለ ሙያው ያጫውታቸው ጀመር፤ ስንት ትልቅ ሰው በእጁ እንዳለፈ፣ ሙሽራ ሁሉ እሱን ካላገኘ ሠርጉን ሊያዘገይ ምንም እንደማይቀረው። እሱ ሲያወራ የግራ ጉንጫቸው አረፋ ጭስስ… ጭስስ… እያለ ሟሸሸ። ደረቀ። የእሱ ልብ ግን ሙሉ ነው፤ ምላጩን አሳረፈው። በደረቁ ላጫቸው ጋሼ! ሰውን በደረቁ መላጨት እንኳ ለእሱ አዲስ አይደለም… በምላጭ ሲያደርገው ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ደሙ ነጭ ኮሌታቸው ላይ ጠብ አለ። ዳኛው ብድግ አሉ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከኋላ ክፍል ሮጠው ወጡ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሳሙናው አርጅቷል!» ሳሙናው! ምን ያድርግ፣ አፍ የለውም።

ዳኛው ጉንጫቸውን በፎጣ እንደያዙ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ትችላለህ?» አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ፈርቼ ነበር። ያንኑ ያረጀ ሳሙና፣ ያንኑ ብሩሽ አነሳሁ። ልክ አሁን ለእርስዎ እንዳደረግኩት አሸሁት፣ በጠብታ አራስኩት፣ ፊታቸው ላይ በክብ በክብ አዞርኩት። ዓይን የማይሞላ፣ ግን ጉንጭ ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀር አረፋ። ቁስሉን በዘዴ ዞርኩት። ጨርሼ እንኳ ጆሯቸው ሥር የቀረችው አረፋ እርጥብ ነበረች። ዳኛው በመስታወቱ እጄን ሲያዩ ቆዩ፣ ቆዩና፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ ጮክ ብለው፣ «ይሄ እጅ ይንቀጠቀጣል ያለኝ ማን ነበር?» አሉ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። አንድ ሰው መጥረጊያ አንስቶ ወለል መጥረግ ጀመረ። የተጠረገ ወለል።

እትዬ የዚያኑ ዕለት ሊያሰናብቱት ነበር። የለመንኩለት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሰው እየጠበቁ ባዶ ወንበር አጠገብ መቆም እንዴት እንደሚያቃጥል አውቀዋለሁ፤ ለጠላቴም አልመኘው። ለወዳጄ ግን… እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ይኸው እኔ ጋ ወረፋ ነው፤ ወዳጄም ከሰልፍ ተገላግሎ ምላጩን እያብለጨለጨ ነው። ሳይቆርጥ እንዲህ የሚያበራ ምላጭ አይቼ አላውቅም።

ይኸው ጨረስን፣ ጉንጭዎን ይዳብሱት። ሐር አይደል? ባይሆን ይንገሩኝ።

እንደሰማሁት ሰኞ አዲስ ባለሙያ ይጀምራል። ወንበሩንም ከወዳጄ ወንበር ጎን ነው ያደረጉለት። አንደበተ ርቱዕ ነው አሉ፣ ለሰው አሳቢ፣ ደንበኛን በር ድረስ ሄዶ የሚቀበል። ደስ አለኝ። ያዘነልኝን ሰው ከመመረቅ ሌላ ምን አቅም አለኝ? ዕድሜውን ያርዝምለት። ጤናውን አብዝቶ ይስጠው። ከጎኑ የሚቆመው ሰውም… ልክ እሱ ለእኔ እንዳሰበልኝ አድርጎ ያስብለት።