ፎርጅድም ወግ አለው

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ከካርቶን ውስጥ እግሩ የወለቀ የፕላስቲክ ሮቦት አወጣ። አጠገቡ ያለችው የነጠላ ነጋዴ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ለልጅህ ነው፣ ወንድምዬ?»

«የራሴ ነው። ሲታጠፍ መኪና ይሆናል፣ ሲዘረጋ ሰው። ቤቴ አስራ አንድ አሉኝ፣ መደርደሪያ ላይ።»

«አንተን የሚያህል ሰውዬ፣ በአሻንጉሊት?»

«አዎ። ከፈለግሽ ሳቂ።»

«እሺ፣ ይሄኛው ምን ሆነ?»

«ከመኪናነት ሰው ላደርገው ስዘረጋው እግሩ ከጉልበቱ ወለቀ። ደሴ ለሸጠልኝ ባለሱቅ ልመልስለት ነው።»

«ሰው መሆን መች ቀላል ነው። በማስቲሽ አጣብቀዋ።»

«ካጣበቅሁት አይታጠፍም። ያኔ ምኑን ሮቦት ሆነ?»

«ኦርጅናል ነው ብሎ ነው የሸጠልህ?»

«የለም፣ ፎርጅድ መሆኑን ነግሮኛል። አውቄ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ ደሴ ድረስ ሄደህ ምን ልትለው ነው? ወላሂ ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ። ፎርጅድ ነው አለ እንጂ ይሰበራል አላለኝም። ፎርጅድም ቢሆን በወጉ ይሠራ። ይለውጥልኛል።»

«አልለውጥም ቢልህስ?»

«በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባው ገበያተኛ ሁሉ እግሩን እየነቀልሁ አሳያለሁ።»



«እኔም ከዚያው ከደሴ የገዛሁት ጃንጥላ አለ» አለችው። «አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። ስንወርድ ጠብቀኝ፣ አብረን እንሂድ።»

እኔም ከደሴ ገዝቼው ሳምንት ሳይሞላው አፉን የከፈተውን፣ ሰው እንዳያይብኝ የሸሸግሁትን ጫማዬን ከወንበሩ ስር አወጣሁት።