የራንካጉዋው ሰውና የሸክላ አሳማው

ግቢ፣ ግቢ አበልጄ! በሩን ገፋ አድርጊው፣ ዝናቡ አሳብጦት ነው። ጃንጥላሽን እዚያ ጣል አድርጊው። ምን ዓይነት ዝናብ ነው ይሄ? ሳንቲያጎ ላይ የወረደው ውኃ በሙሉ በእኔ ጣሪያ በኩል የሚያልፍ ነው የሚመስለው። ነይ ተቀመጪ፣ ሶፓይፒያ እየጠበስኩ ነው። ዝናብ እየዘነበ የዱባ ቂጣ የማይጠበስበት ቤት ምኑን ቤት ሆነ? የክርስትና ልጄ ደህና ናት? የፊት ጥርሷ በቀለ? እሰይ፣ ትንከስበት!

ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ፣ እዚህ ይሞቃል። ስስ ግድግዳ ስለሆነ የጎረቤት ምድጃ ሙቀት ያልፍበታል... ሌላ ሌላም ያልፍበታል። ድምፅሽን ቀንሺ እንዳትዪኝ ብቻ። እኔ እንደሆነ ሲፈጥረኝ ጀምሮ ቀስ ብሎ ማውራት አልሆነልኝም።

እና ቡችላ ገዛችሁላት! በስልክ ስትጠይቂኝ ሳስብበት አደርኩ። ቡችላዋ ብትታመም ለማሳከሚያዋ ኢንሹራንስ ልግባላት ወይስ ራሴ ላጠራቅምላት ነው ያልሽው? ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ ለውሻዬ ለካኔላ ኢንሹራንስ ነው የገባሁላት። ለምን? ራሴን ስለማውቅ ነዋ! እኔ እጅ ላይ ገንዘብ ያድራል? አንድ ጊዜ «የካኔላ ነው» ብዬ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጥኩትን መጋረጃ ገዛሁበት። ያው፣ ይኸውልሽ መጋረጃው። ኢንሹራንሶቹም መላእክት እንዳይመስሉሽ። በየወሩ ሲወስዱ ዝም ነው፣ ስትታመም ግን ጥያቄያቸው አያልቅም። ጆሮዋ ሲቆስል «ይሄ ነገር ውል ከመፈረማችሁ በፊት የነበረ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጆሮዋ ከመፈረሜ በፊት ነበረ! ጆሮ የሌላት ውሻ ፈልጌ መፈረም ነበረብኝ። አጥንት ውጣ አንጀቷ የተዘጋ ጊዜ ግን ከፈሉ፤ ይኸው እግሬ ሥር ታንኮራፋለች። ስለዚህ አልረግማቸውም፣ አልመርቃቸውምም።

ማጠራቀም ግን... ማጠራቀም የጨዋ ሰው ነገር ነው። አንድ ሰው አውቃለሁ። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የዚህ ሰፈር ሰው አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ! ሩቅ ነው... ራንካጉዋ ነው እንበል። አዎ፣ የራንካጉዋ ሰው ነው።

ምን የመሰለ ሰው መሰለሽ! ቁም ነገረኛ። በዚህ ጭቃ እንኳ ጫማው ያብለጨልጫል። አንድ ልጅ አለው፣ አንቶፋጋስታ ማዕድን ቦታ የሚሠራ። እሱም እንዳባቱ ነው፤ በደወለ ቁጥር «አባባ፣ መምጫዬን እያጠራቀምኩ ነው» ይለዋል። ስንት ገና አለፈ፣ ልጁ እስካሁን እያጠራቀመ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል አይደል የሚባለው?

ይህ ሰው የእኔን ኢንሹራንስ ሲሰማ ሳቀብኝ። «ላልታመመ ውሻ፣ ለማታውቂው ሰው ትከፍያለሽ?» አለኝ። እሱ ያንኑ ገንዘብ ለገዛ ውሻው ሊያስቀምጥ የሸክላ አሳማ ገዛ። ታውቂያቸው የለ፣ እነዚያን ካልተሰበሩ በቀር የጎረሱትን የማይተፉትን የፖማይሬ ሸክላ ሠሪዎች አሳማዎች? ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀለውና በየወሩ ሳያስታጉል ይመግበዋል። ውሻው አንዳንዴ ሳይበላ ያድራል፣ አሳማው ግን ጦሙን አድሮ አያውቅም። አሁንማ ጠግቦ ቢነቀንቁትም ድምፅ የለው አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያ አሳማም አንድ ቀን ተነስቶ መሄዱ አይቀርም... ውሻው ነው እንጂ በእግሩ መሄድ ያቃተው።

ሰማሽ? ከግድግዳው ማዶ ሬዲዮ ተከፈተ። እንዴት ያለ ጥሩ ዘፈን ነው! ራንካጉዋ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እንግዲህ እኔም ድምፄን ከፍ ላድርጋ፣ እንዳትቸገሪ።

እና ሌባ ገባበት። በጣሪያ ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ አሳማው! ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ የእሱ ውሻ በተራበበትም ይጮኻል፣ ይባረክ። ሱሪውን ነክሶ አልለቅም አለ። ሌባው ጉልበቱ ላይ ረግጦት፣ ግማሽ ሱሪውን ጥሎ፣ በመጣበት ጣሪያ ባዶ እጁን ሄደ። አሳማው አንድ ነገር አልሆነም፣ ተመስገን! ሰውየው መብራት አብርቶ መጀመሪያ የዳበሰው አሳማውን ነው ይላሉ... ሰው መቼም ወሬ አያጣም።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ አየችው። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ በዚህ ሳምንት ኦፕራሲዮን ካልሆነ እግሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ መዶሻ ፍለጋ ይሮጣል። እሱ ግን የተረጋጋ ሰው ነው። «አሳማው የተቀመጠው ለከባድ ሕመም ነው። ይሄ እግር ነው፤ ውሻው ደግሞ ሌላ ሦስት አለው» አላት። አየሽ የሒሳብ ችሎታ? እኔ ይህን ያህል ዘመን ውሻ ሳሳድግ አንደኛው እግር መለዋወጫ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደግሞ ጥርሱን የታመመ ጊዜም «ይሄ ያ ሕመም አይደለም» ብሏል። ያ ሕመም የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሱና አሳማው ብቻ ናቸው።

እኛም... እነሱም ማለቴ ነው፣ የራንካጉዋ ጎረቤቶች፣ አንጀታቸው አልችል አለ። እንደ ወጉ መተላለፊያው ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ አቮካዶ የተቀባ ኮምፕሌቶ፣ ያው ቋሊማ በዳቦ፣ ተሸጠ፣ ዕጣ ተቆረጠ። አንዷ ወዳጄማ ለቋሊማው ዳቦ ስትሰነጥቅ ጣቷን ቆረጠች። ምን ታያለሽ? ይሄ ፋሻ የሌላ ነው፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ዕጣው ለማን ወጣ ብትዪኝ... ለራሱ! የዕጣውን የወይን ጠጅ ቅርጫት አንጠልጥሎ ገባ። ከሰጠ አይቀር እንዲህ ነው መስጠት። የተሰበሰበውንም ሲያስረክቡት ዕንባው መጣ አሉ፣ አንድ በአንድ እየጨበጠ አመሰገነ፣ ቤቱ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዳጄ በግድግዳው ስትሰማ... ቅጭል። ቅጭል። ቅጭል። በአሳማው ጀርባ በኩል! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲሉ እሰማ ነበር። ይኸው እነሱ ደግሞ አብረው አሳማ አደለቡ።

«አንተ ሰው፣ ምነው?» ቢሉት «ትንሽ እንጠብቅ፣ በራሱ ሊድን ይችላል» አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የምትባለውን ሴትዮ ስንስቅባት ኖርን። የቆጡን ላለማውረድ ብሎ የብብቱን የሚጥል ሰው መኖሩን ብታውቅ ምን ትል ይሆን?

አሁን ግን ቀልዴን አይደለም አበልጄ። ያ ውሻ ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ይመጣል። ከራንካጉዋ ድረስ፣ አዎ፣ በሦስት እግሩ! አራተኛዋን አንጠልጥሎ ቀና ብሎ ያየኛል። የቆረስኩለትን እንኳ በልቶ ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ጌታዬን ሌባ እንዳይመጣበት ብሎ መሰለኝ። ሆዴ ይባባል። ሐኪሟ ያለችው ሳምንት ዛሬ ያልቃል፤ እስከ ማታ ክፍት ናት፣ እዚሁ ጥግ ላይ... ራንካጉዋ ጥግ ላይ ማለቴ ነው። እኔ ምን አገባኝ?

ስለዚህ ለቡችላሽ የቱን ትመርጪያለሽ? እጅሽ እንደ እኔ ወንፊት ከሆነ ኢንሹራንስ ግቢ፣ የውሉንም ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ለሚያነብ ሰው ስጪ። እጅሽ ጥብቅ ከሆነ ደግሞ አጠራቅሚ። ግን አሳማውን ስትገዢ መዶሻም አብረሽ ግዢ፣ መዶሻውንም ለባልሽ ስጪ።

ቆይ... ሬዲዮው ጠፋ። በር ነው የተከፈተው? አትዪ አልኩሽ፣ ነውር ነው! መጋረጃውን በትንሹ ብቻ ግለጪው... ያው፣ የካኔላ መጋረጃ ጥቅም ተገኘለት። ወጣ? ወደ ጥግ ነው የዞረው? ወደ ሐኪሟ ነው! እልልል! ተሰማው! ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቅፎታል፣ አላልኩሽም ደግ ሰው ነው? ውሻውን እንዲህ እንደ ሕፃን አቅፎ... ቆይ እስቲ። አበልጄ፣ ያ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ ያለው ጆሮ... ሸክላ ነው? ውሻውስ የታለ?

ኋላው። በዝናቡ። በሦስት እግሩ ዘጭ ዘጭ እያለ።

እውነትም እኮ፣ አሳማው ብርድ ቢመታውስ? ይሁን፣ ብቻ ይድረስ። መስኮቱን ክፈቺው እስቲ፣ ለሰውየው አይደለም፣ ጭሱ ይውጣልን ብዬ ነው። መንገድ የወጣ ሰው ካየሁ አይቀር ያንን የራንካጉዋውን ወዳጄን ልመርቀው፣ ትዝ አለኝ። እግዜር ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝምለት። ልጁን ይባርክለት፣ ያ ልጅ አንጀቱም እጁም ያባቱ ይሁን። ሰውየው አርጅቶ ጉልበቱ የከዳው ቀን፣ እሱ ለውሻው የሆነውን ያህል ልጁ ይሁንለት። ሳያስታጉል ያጠራቅምለት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያኑርለት፣ ብርድ እንዳይመታውም ጥሩ ብርድ ልብስ ያልብስለት... ለገንዘቡ። አሜን በዪ እንጂ አበልጄ፣ ጮክ ብለሽ።