ስም ያልነበረው ወረቀት

ከኡራኤል ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አጠገቧ ላሉ ለማታውቃቸው ሽማግሌ አንድ አሮጌ ወረቀት አነበበችላቸው።

«‹የእመቤትሽን ልጅ አዝለሽ የራስሽን በረሃብ የምታስተኚ ሠራተኛ፣ ተነሺ።› ወንድ አያቴ ናቸው በአብዮቱ ጊዜ ጽፈው የበተኑት።»

«ስማቸው አለበት?»

«ያኔ ማን ይፈርማል፣ አባባ? ያስገድላል እኮ።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ከሳቸው ሳጥን ነው ያገኘነው።»

«አያትሽ ልጅ አዝለው ያውቃሉ?»

«ኧረ ሻይ እንኳን አፍልተው አያውቁም። ማለቴ፣ ብዕር ነበራቸው፣ በቃ።»

«ለኔ ሴት የጻፈችው ይመስለኛል።»

«ይህ ወረቀት ያለበት መጽሐፍ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ አባባ። በሳቸው ስም።»

ካዛንቺስ ስንደርስ መውረድ ነበረብኝ፤ ያንን ወረቀት ጽፋ ለአያቷ የሰጠችው ሴት ግን እኔ ነኝና፣ ሜክሲኮ ድረስ ልከተላት ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።