የተሰጠ ስምና የተወሰደ ሐዘን

በካናዳ ምዕራብ የባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ነባር ሕዝብ፣ ከኑቻኑልት ወገን የሆኑት ሽማግሌው ሂራም ወደ ቫንኩቨር ለመሻገር ወደ ወደቡ ሲወርዱ፣ ከጀልባው የምትወርደውን የወንድማቸውን ልጅ ዶሪንን አገኟት። ዶሪን የሥነ ጥበብ ታሪክ የተማረች፣ ራሷም ከዝግባ እንጨት ጭምብል የምትቀርጽ ወጣት ናት። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። ማርቲን የጭምብል ትርኢት እንደሚከፍትና የእኛ ልጅ ነው ብለው እንዲመሰክሩለት እንደጠራቸው በኩራት ነገሯት።

የዶሪን ፊት ጠቆረ።

ማርቲን ከሃያ ዓመት በፊት ጀልባው ተገልብጦበት ሂራም ከባሕር ያወጡት ባዕድ ነው። ክረምቱን በቤታቸው አሳለፈ፤ መቅረጽ አስተማሩት፤ በድግስ ላይም «ማዕበል የመለሰው» የሚል ስም ሰጡት። እንግዳን በስም ማክበር የቆየ ወግ ነውና፣ የሰጡትን መልሶ መንሳት ለሽማግሌው ነውር ነበር።

«እጁ ጥሩ ነው» አሉ ሂራም ፊቷን አይተው። «ጥበቡን የወደደ ቢሠራ እናንተን የተማራችሁትን ምን ያንገበግባችኋል?»

«መሥራቱ አይደለም አጎቴ። ስሙን በእንግድነቱ ቢይዘው እኔም ባከበርኩት ነበር። እሱ ግን ከእኛ ተወለድኩ ነው የሚለው።»

«ሰው ሲያወራ መጨመሩ አይቀርም።»

«እሱ የጨመረው እናት ነው» አለችና የትርኢቱን መጽሔት ገልጣ አነበበችላቸው።

ማርቲን እናቱ የአዴል ልጅ እንደነበረች ጽፏል። አዴል የሂራም እህት ነበረች። በዚያ ዘመን በብዙ ነባር ቤተሰቦች ላይ እንደተደረገው፣ ባለሥልጣናት አራስ ልጇን ነጥቀው ለባዕድ ቤተሰብ ሰጥተውባት፣ ልጇን እንደናፈቀች ሞታለች። ይህን ለማርቲን ያወጉት ራሳቸው ሂራም ነበሩ።

ሽማግሌው በገመድ ክምር ላይ ተቀመጡ። «እናቱን አውቃታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ልትጠይቀው መጥታ ቤቴ ምሳ በልታለች። ስለ ወላጆቿም አውግታኛለች፤ ባዕድ ናት።» ሆኖም በሰው ፊት ማዋረዱ ከበዳቸው፤ ዝም ብሎ መቅረት ይሻላል አሉ።

«ዝም ካሉ ውሸቱ ይጸናል። ያቺ የተነጠቀችው የአዴል ልጅ በሕይወት ካለች ዛሬ ከስድሳ ዓመት በላይ ይሆናታል። ነገ ወገኖቿን ፈልጋ ብትመጣ፣ የአዴል ዘር ተገኝቷል ብለው አይመልሷትም?»

ቸርነት መልካም ነው፤ ወሰን ያጣ ቸር ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም አንስቶ ይሰጣል። ሂራም ይህ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ተነሡና አብረው ተሳፈሩ።

በአዳራሹ ማርቲን አቅፎ ተቀበላቸውና ንግግር እንዲያደርጉ ጋበዛቸው። ሂራም በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆሙ።

«ይህን ሰው ከባሕር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ግን አይደለም።» ወደ ማርቲን ዞሩ። «ስሙን አልነጥቅህም። እህቴን ግን መልስልኝ።»

 ማርቲን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ትርኢት አዘጋጆቹ የቀራጺውን ወገን ከመንደሩ ሳያጣሩ አይቀበሉም። ቀድሞ በማርቲን ምክንያት፣ ከእናንተ መንደር አንድ አለን እየተባሉ የተመለሱት ወጣቶች፣ ዶሪንም ጭምር፣ ተራቸውን አገኙ። ማርቲን ሁለት ዓመት ጠፍቶ ቆየና፣ በአባቱ ስም እየፈረመ፣ ማን እንዳስተማረው እየጻፈ መቅረጽ ጀመረ። ሥራውም አልተናቀም።

ሂራምም በየመንደሩ ሽማግሌዎችን ይመክራሉ። «እንግዳን ስም ስጡት። ግን በምስክር ፊት፣ ይህ ክብር እንጂ ዘር አይደለም በሉት። እኔ ይህን ሳልል ቀርቼ፣ እህቴን ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ላስነጥቃት ነበር።»